ባሕርይ፣ ልማድ፣ ጽድቅ፤ የአባ ጎርጎርዮስና የኢዮብ ሉዶልፍ ወግ

፩

የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የታተመው በፍራንክፈርት ከተማ ነው። ዓመቱ 1698 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት አንድ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላትም አብሮ ወጣ። የሁለቱም ደራሲ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ጀርመናዊ ነው፤ የሕግ ሰውና የመሳፍንት አማካሪ ነው፤ በሃይማኖቱ ሉተራን ነው። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። አማርኛን ያስተማሩት ሰው ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ፣ በጥንቱ የአምሐራ አውራጃ በመካነ ሥላሴ የተወለዱ ኢትዮጵያዊ ካህን ነበሩ። እርሳቸው ካቶሊክ ናቸው። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ስለ እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ሲወሳ ዘወትር የሚነገረው ለቋንቋ ጥናት ስላበረከቱት ውለታ ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን ከመጻሕፍቱ በስተጀርባ አንድ ብዙ ያልተነገረለት ወግ አለ። ካቶሊክና ሉተራን በአብዛኛው በጦር ሜዳ በሚገናኙበት ዘመን፣ አንድ ካቶሊክና አንድ ሉተራን ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ትውፊት ተጠያይቀዋል፤ ተመላልሰዋል፤ ሳይጣሉም ተለያይተዋል። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ እምነት አላፈለሰም። ወዳጅነታቸውም አልቀዘቀዘም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው። መዝገበ ቃላት የሚጽፍ ሰው «ተሳስተሃል» ከማለቱ በፊት «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ስለሆነ ነው። የሁለቱ ሰዎች ደግነት የማይካድ ቢሆንም፣ ደግነታቸውን ሥርዓት ያስያዘው ሥራቸው ነበር።

፪

ወጉ ከእነርሱ አልጀመረም። መቶ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

ዐፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላካቸው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝቦን ደረሱ። የተቀበሏቸው የሃይማኖት ሊቃውንት ግን ከመልእክታቸው ይልቅ እምነታቸውን መመርመር መረጡ። ቅዳሜን ለምን ታከብራላችሁ? ለምን ትገረዛላችሁ? ይህን ሥጋ ለምን አትበሉም? ምርመራው ዓመታት ፈጀ። የክርስቲያን ንጉሥ መልእክተኛ በክርስቲያን አገር ከቅዱስ ቁርባን ተከለከሉ።

በ1533 ዳሚያኦ ደ ጎይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር አገኛቸው። ደ ጎይስ ካቶሊክ ነው፤ ሆኖም ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ቪተንበርግ ተጉዞ ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር በአንድ ማዕድ ቀርቦ ነበር። መጠየቅን እንጂ መመርመርን የማይወድ ሰው ነበርና፣ ጸጋ ዘአብ የአገራቸውን ሃይማኖትና ሥርዓት በራሳቸው ቃል እንዲጽፉለት ለመናቸው። እርሳቸውም በ1534 ጽፈው ሰጡት። በጽሑፋቸው ውስጥ የእምነት መግለጫ ብቻ ሳይሆን ሐዘንም አለበት፤ በወንድሞቻቸው መካከል እንደ ባዕድ መቆጠራቸው አንገብግቧቸዋል። ደ ጎይስ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቫን አሳተመው። መጽሐፉ በፖርቱጋል ታገደ። ደ ጎይስ ራሱ በስተርጅናው፣ በ1571፣ በሃይማኖት መርማሪዎች እጅ ገባ፤ ከክሶቹ አንዱ ያ በቪተንበርግ የተበላው ማዕድ ነበር።

ጸጋ ዘአብ ሊዝቦን ላይ ብዕራቸውን ባነሡበት በዚያው በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ገባ። ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴ፣ ስለ ቅዳሴና ስለ ቁርባን ተነጋገረ። የጋራ ቋንቋቸው ያን ያህል የጠራ አልነበረም፤ ዲያቆኑ ጣልያንኛ ይሞክር ነበር። ያም ሆኖ ሉተር ከዚህ ጥቁር ክርስቲያን ጋር በዋናው እምነት መስማማቱን፣ የሥርዓት ልዩነትም አንድነትን እንደማያፈርስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ሐምሌ 4 ቀን ጽፎ አስይዞ ሸኘው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ለፍርድ አትቸኩል። በአንድ ዓመት ውስጥ በሊዝቦን አንዱ ኢትዮጵያዊ በልማዱ ሲከሰስ፣ በቪተንበርግ ሌላው ልማዱ ሳይነካ መቀበሉ እውነት ነው። ሉተር ግን ከእንግዳው የሚፈልገው ነገር ነበረው። ከሮማው ጳጳስ ሥር ያልሆነች፣ ካህናቷ የሚያገቡባት፣ ምእመናኗ ሥጋውንም ደሙንም የሚቀበሉባት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን በዓለም ላይ መኖሯ ለእርሱ ታላቅ ምስክር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያችው የተወገዘችው ሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጥታ ነበር። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በ1513 የታተመው በዚያች ከተማ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙትም በዚያው ነው። ካቶሊኩም ሉተራኑም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ላይ የራሱን መልክ ይፈልግ ነበር። መስተዋቷ ግን የማንም አልሆነችም።

፫

አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ ከመገናኘታቸው በፊት የሁለቱም አገር በሃይማኖት እሳት ነዶ ነበር።

በእኛ በኩል ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገራችን ገባ፤ በትዕግሥትና በቋንቋ ችሎታው የቤተ መንግሥቱን ልብ ማረከ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን እንደ ፓኤዝ ያለ ሰው አልነበረም። ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደገና እንዲባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲሻር፣ ግዝረት እንዲቀር ተደረገ። ሕዝቡ በትምህርቱ ረቂቅነት ምን ያህል ይከራከር እንደነበር ማወቅ ያስቸግራል፤ ልማዱ ሲነካ ግን ጦር አነሣ። በ1632 በወይና ደጋ ከተደረገው እልቂት በኋላ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። እነርሱን ያመኑ ኢትዮጵያውያን ከፊሉ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ፤ ከፊሉ ሞቱ፤ ከፊሉ ተሰደዱ። አባ ጎርጎርዮስ ከተሰደዱት ነበሩ።

በጀርመን ደግሞ በ1618 የተነሣው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ሉዶልፍ በኤርፉርት ሲወለድ፣ በ1624፣ ጦርነቱ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ሰላም ሲወርድ፣ በ1648፣ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። ልጅነቱን ሙሉ የሰማው አንድ ነገር ነው፤ ካቶሊክ ሉተራንን፣ ሉተራን ካቶሊክን ሲያጠፋ። የሁለቱ ሰዎች ጨዋታ የተጀመረው ይህ ሰላም በተፈረመ በማግስቱ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

፬

በ1649 ሉዶልፍ ከስዊድን ጋር የተያያዙ የቆዩ ሰነዶችን እንዲፈልግ ተልኮ ሮማ ገባ። ልቡ ግን ሌላ ዘንድ ነበር። ከተማሪነቱ ጀምሮ የምሥራቅ ቋንቋዎች ፍቅር የያዘው ሰው ነውና፣ ግዕዝን ያለ መምህር ከመጻሕፍት ብቻ ሲታገለው ኖሯል። መጻሕፍቱስ የማን ነበሩ? መዝሙረ ዳዊቱን ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የካቶሊክ ካህን ነው። የ1552ቱን የግዕዝ ሰዋስው የጻፈው ማርያኖ ቪቶሪ፣ የ1638ቱን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ያዕቆብ ቬመርስ፣ ሁለቱም የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ሉተራኑ ወጣት ገና አንድ ካቶሊክ ኢትዮጵያዊ ሳያይ በካቶሊኮች ገበታ ቀለም ቆጥሯል።

በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ሲሰማ ሄደ። ያገኛቸውም ሰዎች በአነባበቡ ሳቅ እንዳፈናቸው ራሱ ሉዶልፍ ጽፏል። ፊደሉን ያውቃል፤ ድምፁን አያውቅም። ጠ እና ጸን፣ ቀ እና ጰን ከመጻሕፍት መማር አይቻልማ! ያነበበውን መተርጐም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። በአገራቸው ዓመታት የተቀመጡ ሚሲዮናውያን የተቸገሩበትን ቋንቋ ይህ ወጣት ብቻውን እዚህ አድርሶታል። ከእነርሱም መካከል በሊቅነት የሚታወቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ላቲን አያውቁም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ያላቸው የጋራ ቤት ግዕዝ ሆነ፤ ለአንዱ የቅዳሴውና የአባቶቹ ቋንቋ፣ ለሌላው ከመጻሕፍት የተለቀመ ስንቅ።

በዕድሜ አባቱ ሊሆኑ የሚችሉ ካህን መምህር ሆነው ተቀመጡ፤ የሃያ አምስት ዓመቱ ጀርመናዊ ተማሪ ሆነ። የኢትዮጵያን የአብነት ትምህርት ቤት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አቀማመጥ እንግዳ አይደለም። ተማሪ ይጠይቃል፤ መምህር ያርቃል፣ ያቃናል። በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ሉተራኑ ካቶሊኩን ለመርታት የሚያስችል ስፍራ አልነበረውም። በጉባኤ አዳራሽ ቢገናኙ ኖሮ አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ በሆኑ ነበር።

፭

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ ወጉ ወደ ጀርመን ተሻገረ። በጎታ ይገዛ የነበረው መስፍን ኤርንስት፣ «ጻድቁ» ተብሎ የሚጠራ ሉተራን ነበር። ሉዶልፍ በቤቱ አገልጋይ ሆኖ ገብቷል። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ሲሰማ ወደ ጎታ እንዲጋበዙ ፈቀደ፤ አባ ጎርጎርዮስም ተራሮቹን አቋርጠው መጡ። ያረፉበት አዲሱ ቤተ መንግሥት ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ስሙ ፍሪደንሽታይን ነው፤ «የሰላም ድንጋይ» እንደ ማለት።

በዚያ ክረምትና መጸው ብዙ ተጠየቁ። ስለ አገሩ ተራሮችና ወንዞች፣ ስለ እንስሳቱ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሃይማኖት። ጥያቄው በጀርመንኛ ይነሣል፤ ሉዶልፍ በግዕዝ ያቀርባል፤ መልሱ በግዕዝ ይመጣል፤ ሉዶልፍ ይመልሰዋል፤ ይጻፋል። እዚህ ላይ የአባ ጎርጎርዮስን አቋም ማጤን ያሻል። እርሳቸው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው የሮማን እምነት ተቀብለዋል፤ ስለዚያም አገራቸውን አጥተዋል። አሁን ግን በሉተራን መስፍን ፊት ተቀምጠው የሚጠየቁት ስለ ተውአት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ሊያጣጥሏት ይችሉ ነበር፤ ሮማን ደስ ለማሰኘት። ሊያሳምሯት ይችሉ ነበር፤ ጋባዣቸውን ደስ ለማሰኘት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ሰምቶ የጻፈውን ዛሬ ስናነብ ግን የምናገኘው በብዙው የአገሩን ሥርዓት እንዳለ የሚያስረዳ ምስክር ነው። ስደተኛ ሆኖ፣ በሦስተኛ ወገን ፊት፣ ስለ ቀድሞ ቤቱ በሚዛን መናገር እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ የተሰደደ ያውቀዋል።

ከተነሡት ጉዳዮች ሁለቱ የወጉን ቁም ነገር ያሳያሉ። አንዱ ልማድ ነው፤ ሌላው ባሕርይ።

ስለ ልማድ የአውሮፓ ክርስቲያኖች አንድ ትውልድ ሙሉ ተፋጅተዋል። ሉተራኖች በ1530 በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ፣ ሰው የሠራው ሥርዓት በሁሉም ዘንድ አንድ መሆኑ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት ግድ አይደለም ብለዋል። የትሬንት ጉባኤ ደግሞ በ1546 ከሐዋርያት የተላለፈ ትውፊት ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር በእኩል አክብሮት ሊያዝ እንደሚገባ ደነገገ። ክርክሩ፣ የትኛው ነው በሰው የተሠራ ልማድ፣ የትኛው ነው ከሐዋርያት የወረደ ትውፊት የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ኢትዮጵያዊ መልስ የሰጠ ንጉሥ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለኢየሱሳውያን ክስ መልስ ሲጽፍ፣ ግዝረት በእኛ ዘንድ እንደ አይሁድ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ የሚቆጠር፣ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት ያለ ነገር መሆኑን አስረዳ። ሉዶልፍ ይህን የንጉሥ የእምነት መግለጫ በ1661 ለንደን ላይ ከታተመው የግዕዝ ሥራው ጋር አወጣው። ንጉሡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሃይማኖትንና ልማድን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ሜንዴዝ ይህን ልዩነት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይና ደጋ ላይ ስንት ገበሬ በተረፈ!

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሮማ ክርስቶስ «ሁለት ባሕርይ» አለው ስትል፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን «አንድ ባሕርይ» ትላለች፤ በተዋሕዶ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለየት። በዚህ ረገድ ካቶሊኩና ሉተራኑ በአንድ ወገን ይቆማሉ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያውያንን መናፍቅ ብሎ ማለፍ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ብዙዎች ብለዋል። እርሱ ግን የመዝገበ ቃላት ሰው ነውና ቃሉን አነሣ። ባሕርይ ምን ማለት ነው? አካልስ? ህላዌስ? በግዕዙ ጆሮ ባሕርይ ከአካል ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ሲሰማ፣ «ሁለት ባሕርይ» ማለት ክርስቶስን ለሁለት መክፈል ይመስላል። በላቲኑ ጆሮ ደግሞ «አንድ ባሕርይ» ማለት ሰውነቱ በአምላክነቱ ተውጦ ጠፋ ማለት ይመስላል። አንዱ የፈራው ሌላው ያላለውን ነው። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ሦስተኛ ክፍል፣ የቤተ ክርስቲያንን ነገር በሚተርክበት ስፍራ፣ ጠቡ ከእምነቱ ይልቅ በቃላቱ ላይ ያደላ መሆኑን ይከራከራል።

ሁሉም የሃይማኖት ልዩነት የቃላት ጠብ ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። እንዲህ ያለው አነጋገር ስለ እምነታቸው ለሞቱት ሰዎች ንቀት ይሆናል። የሉዶልፍ ብልኅነት ከዚያ ያነሰና ከዚያ የጠቀመ ነው። እውነተኛው ልዩነት የት እንዳለ ለማወቅ መጀመሪያ ሐሰተኛውን ማንሣት ያስፈልጋል። አባቶቻችንስ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉ የለ?

፮

አባ ጎርጎርዮስ በ1652 መጸው ጎታን ተሰናብተው ወደ ጣልያን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ወጉ በደብዳቤ ቀጠለ፤ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ለመግባት ሲጓዙ፣ በ1658፣ ከእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰበረችና በባሕር ሰጠሙ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሉዶልፍ መምህሩን አልረሳም። የኢትዮጵያ ታሪኩን ሲጽፍ ብዙውን ነገር ከኢየሱሳውያን መጻሕፍት ወስዷል፤ በተለይ ፖርቱጋላዊው ባልታዛር ቴሌዝ በ1660 ካሳተመው። ነገር ግን እነዚያን መጻሕፍት በአባ ጎርጎርዮስ ቃል እየመዘነ ነው። ስማቸውን በየስፍራው ይጠራል፤ ይህን ከእርሳቸው ሰማሁ፣ ያን እርሳቸው አቃኑልኝ ይላል። በዘመኑ ኢትዮጵያዊን እንደ ትርኢት ማሳየት የተለመደ ሲሆን፣ ሉዶልፍ እንደ ሊቅ ጠቀሳቸው። በ1691 ደግሞ ለታሪኩ ማብራሪያ የሚሆን ትልቅ መጽሐፍ አከለ። በ1698 እነሆ አማርኛው። በ1701 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ፤ በ1704 ሞተ።

ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው የተዋበ ነበር። እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን የሦስተኛ ሰው ስም መጨመር አለበት። ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌበን ይባላል፤ የሉዶልፍ ተማሪ፣ የአገሩ ልጅ፣ ሉተራን። የ1661ዱን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ ያሳተመው እርሱ ነው፤ ሉዶልፍ ግን በኅትመቱ ስሕተቶች እጅግ አዝኖ ነበር። በ1663 መስፍን ኤርንስት ቫንስሌበንን ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ኢትዮጵያ አልደረሰም፤ ከግብፅ ወደ ሮማ ተሻገረ፤ በዚያም ካቶሊክ ሆነ፤ የዶሚኒካን ማኅበርን ተቀላቀለ። ሉዶልፍ ከዚያ ወዲያ ስለ ቫንስሌበን የጻፈው መራራ ነው።

ቫንስሌበን የሰው ገንዘብ ስላባከነ ቁጣው ምክንያት ነበረው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተክዛል። አባ ጎርጎርዮስም እኮ የአባቶቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ትተው ካቶሊክ የሆኑ ሰው ናቸው። ሉዶልፍ ያን በእርሳቸው ላይ እንደ ነውር አልቆጠረውም። በገዛ ተማሪው ላይ ግን ከበደው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በሌላ መሠዊያ ቢቀድስ ጨዋነት ይበቃል፤ ያሳደጉት ልጅ ወደዚያው መሠዊያ ቢሻገር ግን ጨዋነት ብቻውን አይችለውም። ወዳጃዊ ወግ የሚፈተነው ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ሳይሆን ከቤተኛ ጋር ነው።

፯

ይህ ነጥብ ወደ እኛ ሰፈር ያመጣናል። ይህ ጽሑፍ በሚጻፍበት በለቡ መብራት ኃይል፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና የመካነ ኢየሱሱ ምእመን በር ለበር ይኖራሉ። በአንድ እድር ይቀብራሉ፤ በአንድ ድንኳን ያስተዛዝናሉ። በዚያው በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ ላይ፣ በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪዋ ይገኛል። እርሷም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ነች። የአገራችን ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በግዕዝ ሥርዓት ትቀድሳለች። መካነ ሥላሴና መካነ ኢየሱስ፤ የካቶሊኩ ሊቅ የትውልድ ቦታና የሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን በስም እንኳ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለ ሃይማኖት ግን ብዙ ጊዜ ዝም እንባባላለን። ዝምታው ከጠብ ይሻላል፤ ወግ ግን አይደለም።

በዓለም ደረጃ ወጉ ሩቅ ተጉዟል። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ካቶሊኮችና ሉተራኖች በይፋ መነጋገር ጀመሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከፈጀ ንግግር በኋላ ጥቅምት 31 ቀን 1999፣ በዚያች በአውግስቡርግ፣ ስለ መጽደቅ ትምህርት የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በራሱ ሥራ ብቃት ሳይሆን በጸጋ፣ በክርስቶስ በማመን መሆኑን አብረው መሰከሩ። የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ውግዘቶችም በመግለጫው በቀረበው መልክ የሌላውን ትምህርት እንደማይነኩ ተናገሩ። በ2016 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና የፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት ጳጳስ ሙኒብ ዩናን በስዊድን ሉንድ የተሐድሶውን 500ኛ ዓመት መታሰቢያ በጋራ ጸሎት ከፈቱ። በአንድ ቁርባን መካፈል ግን እስከ ዛሬ አልተቻለም።

የ1999ኙ መግለጫ የተሠራው በሉዶልፍ መንገድ ነው ብንል አናጋንንም። ሁለቱ ወገኖች አራት መቶ ዓመት ተወጋግዘው ሲያበቁ፣ ተቀምጠው «መጽደቅ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ተባባሉ። ሉተራኑ በቃሉ ውስጥ በዋናነት የሚሰማው የዳኛን ቃል ነው፤ እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን «ጻድቅ ነህ» ብሎ ሲያውጅለት። ካቶሊኩ በዋናነት የሚሰማው የሰውየውን መለወጥ ነው፤ ጸጋ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲያድሰው።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ጉባኤ ቢኖሩ ኖሮ ምናልባት ከአማርኛ አንድ ነገር ባካፈሉ ነበር። በዛሬው አማርኛችን «ጸደቀ» የሚለው ግሥ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። ረቂቅ ሕግ በምክር ቤት ሲታወጅ «ዐዋጁ ጸደቀ» እንላለን። ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝም «ችግኙ ጸደቀ» እንላለን። ዐዋጅ የሚጸድቀው ከውጭ፣ ሥልጣን ባለው ቃል ነው። ችግኝ የሚጸድቀው ከውስጥ ነው፤ ግን ራሱን አልተከለም፣ ራሱንም አላጠጣም። አውሮፓ አራት መቶ ዓመት የተከፈለችባቸውን ሁለቱን አሳቦች አንድ የአማርኛ ቃል፣ በለቡ ጓሮም በምክር ቤትም፣ በየቀኑ አስማምቶ ይዞ ይውላል። ይህ ለሊቃውንቱ ክርክር ፍርድ አይሆንም። ጎረቤታሞችን ግን ወግ ሊያስጀምር ይችላል።

ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ በአንድ የሃይማኖት መግለጫ ላይ ፊርማቸውን አላኖሩም። በአንድ ቁርባንም አልተካፈሉም። አንድ የተማመኑበት መጽሐፍ ግን ትተውልናል፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ እያንዳንዱን ቃል «ምን ማለት ነው?» እያለ የሚጠይቅ መጽሐፍ።

ቸር እንሰንብት።